«እጅ ወደ ኪስ!» ባዩ ጋሽ ሞቱማ

አንድ ሰፈር ቧንቧ ላይኖረው ይችላል፣ መብራት ላይኖረው ይችላል፤ አስረጂ ግን አያጣም። ሳይጠየቅ የሚያስረዳ፣ «ገብቶናል» ሲሉት እንደ አዲስ የሚጀምር ሰው እግዜር ለየሰፈሩ አንድ አንድ አድሏል። ለጌጃ ሰፈር የደረሱት ክቡር ጋሽ ሞቱማ ናቸው። ለደሚቱ ደግሞ ይባስ ብሎ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ሆኑባት።

ጋሽ ሞቱማ አዋሽ ዳር፣ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ፣ የጎብኚ አስረጂ ናቸው። ሳምንቱን እዚያ ያሳልፉና ቅዳሜ ማታ ይመጣሉ። ሌላው ሰው ሥራውን ሥራ ቦታ ትቶ ይገባል፤ እሳቸው ይዘውት ይገባሉ። የልደታ ማርያምን አጥር የሚገነባ ግንበኛ አስቁመው፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ድንጋይ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» ይሉታል። «ከካሚዮን ላይ ነው የመጣው፣ ጋሼ» ቢላቸውም አይላቀቁትም። ለቅሶ ቤት ምስር ወጥ ውስጥ ጠጠር የነከሰ ሰው ጥርሱን ይዞ ሲያቃስት፣ ጠጠሩን ተቀብለው ወደ መብራት ያስጠጉና «ባልጩት አይደለም» ብለው በቅሬታ ይመልሱለታል።

ደሚቱ «ድንጋዩ ሚሊዮን ዓመቱ ነው» የሚሉትን ነገር ልትውጠው አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ ከምናምን ዓመቱ ነው። እርስዎ ሚሊዮኑን ከየት አመጡት?»

«እኔ ድንጋዩን ነው የማስረዳው፤ አዳምን ለቄሱ ትቻለሁ።»

ከሁሉ የሚያበግናት ግን «እጅ ወደ ኪስ!» የምትለዋ ነገራቸው ናት። ቤታቸው ገብታ በሩን የያዘውን ድንጋይ ልታነሳ ብትል፣ «እጅ ወደ ኪስ! ዕቃው ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው የሚናገረው!» ብለው ይጮኹባታል። «በቀሚስ ላይ ኪስ ከየት ላምጣ!» እያለች ትወጣለች።

ደሚቱ መጥረጊያ ይዛ የተወለደች ሴት ናት። ግቢው ውስጥ የወደቀ ቅጠል አያድርም። የማትነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጋሽ ሞቱማ ደጃፍ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው ሸራ ጫማ። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ በጎኑ ወድቋል። የልጃቸው የነገሪ ነው። በዚያ ክፉ ዓመት ታጣቂዎች መጥተው «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው ሲጠሩት በነጠላ ጫማ ወጣ፤ ወጥቶ ቀረ። የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ራሱ የሚያስጠይቅ ነበርና ማንም አልጠየቀም። ደሚቱ ጫማውን እየዞረች ትጠርጋለች። ሁሉን አስረጂው ጋሽ ሞቱማም ስለዚህ ጫማ አንድ ቀን አስረድተው አያውቁም።

ምኞታቸው አንድ ነበር፤ የሰፈራቸው ሰው ቦታውን አንድ ጊዜ እንዲያይላቸው። ለፈረንጁም ለባለሥልጣኑም ያስረዱ ሰውዬ በገዛ ሰፈራቸው «ድንጋይ ጠባቂው» እየተባሉ ሲሾፍባቸው ውስጣቸው ያርር ነበር። ቀበሌውን ደጅ ጠኑ፣ ደጅ ጠኑ፣ በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። ጓድ ሊቀመንበር በድምፅ ማጉያ፣ «እሑድ ጠዋት የቀበሌያችን ነዋሪ ወደ አዋሽ ይወጣል! የቀረ ስኳር አያገኝም!» ሲሉ አወጁ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን፣ እሑድ ጠዋት ቀበሌ የጠራው ለሽርሽር ነው ቢባል ማን ያምናል? ሕዝቡ አካፋና ዶማውን ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ጋሽ ሞቱማ አዋሽ ላይ ክራቫት አስረው ሲጠብቁ ያ ሁሉ ዶማ ሲወርድ አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ኧረ በማርያም! ልትቀብሩኝ ነው የመጣችሁት?»

ዶማና አካፋውን ተቀብለው አጥሩ ላይ አስደገፉ። የደሚቱን መጥረጊያ ግን አላዩም፤ ከነጠላዋ ሥር ነበር።

ማስረዳቱ ተጀመረ። ጓድ ሊቀመንበር፣ «በጥንታዊ የጋርዮሽ ሥርዓት ይኖሩ እንደነበር ይገለጽልን» ብለው ጣልቃ ገቡ። «ስብሰባስ ነበራቸው?»

ጋሽ ሞቱማ ወደ ድንጋዮቹ ጠቆሙ። «ይሄን ሁሉ ድንጋይ ለመጥረብ ጊዜ ካገኙ፣ አይመስለኝም ጓድ።»

ሕዝቡ ባንድነት ሳል ያዘው።

በዚህ መሃል የደሚቱ ዓይን አንድ ቦታ ላይ አረፈ። ገመድ በተወጠረበት መሬት ላይ ባልጩቱ፣ ስብርባሪው፣ አጥንቱ እንዳለ ተበትኗል። እንግዳ በሚመጣበት ቀን እንኳ? አፈረችላቸው። ለሳቸው ብላ፣ በእውነት ለሳቸው ብላ፣ ገመዱን ተሻግራ አንዱን ጥግ ጠረገችና ድንጋዮቹን ባንድ ላይ ከመረቻቸው።

ዞር ሲሉ አዩዋት። ሰው ሁሉ የሚመጣውን ጩኸት ጠበቀ። ጋሽ ሞቱማ ግን አልጮኹም። ገመዱ ሥር ቁጢጥ አሉ።

«እዚህ አንድ ሰው ተቀምጦ ባልጩት ይፈልጥ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ስብርባሪው በእግሮቹ ግራና ቀኝ ወድቆ ነበር። የሆነ ነገር ጠራው፤ ተነስቶ ሄደ። ዕቃውን አልሰበሰበም፤ የሚመለስ መስሎት ነበራ። እዚህ ለመኖሩ ያለን ምስክር አወዳደቁ ብቻ ነበር፣ ደሚቱ።»

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። አሁን የሚታያት ባልጩቱ አልነበረም፤ በጎኑ የወደቀው ሸራ ጫማ ነበር።

«አጠፋሁ፣ ጋሼ።»

«አላወቅሽም። ጥጉ ብቻ ነው፤ ሌላው አለ።»

በመመለሻው መንገድ ጋሽ ሞቱማ አብረው ተሳፍረው አንዲት ቃል አላስረዱም። ዝም በሉልኝ እያለች ስንት ዓመት የተመኘችውን ደሚቱን፣ ያ ዝምታ አንጀቷን በላው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። አስፋው የሚባል፣ ለቀበሌው አዲስ የተመደበ ጎረምሳ ኃላፊ፣ እሑድ ጠዋት ግቢውን ሊቆጣጠር ገባ። ዓይኑ ክፈፉ ሥር ደረሰ።

«ይሄ አሮጌ ጫማ እዚህ ምን ይሠራል? ይጣል!» ብሎ ራሱ ጎንበስ አለ።

ጋሽ ሞቱማ በራቸው ላይ ቆመዋል። ያን ሁሉ ዓመት ያላስረዱትን ከየት ይጀምሩት?

በቀበሌ ሰው ፊት ቀና ብላ የማታውቀው ደሚቱ ከነመጥረጊያዋ መሃል ገባች።

«እጅ ወደ ኪስ!»

ጎረምሳው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። «ምን አሉ?»

«እጅ ወደ ኪስ አልኩህ፣ ጓድ። ቦታው ነው።»

ጎረምሳው ዙሪያውን ቃኘ። የግቢው ሰው ሁሉ መጥረጊያውን አቁሞ ያየዋል። እየተነጫነጨ ወደሚቀጥለው ግቢ ሄደ።

ጋሽ ሞቱማ ደፉ ላይ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሄ በጎኑ የወደቀው ግራው ነው» አሉ። «ነገሪ ግራኝ ነበር። ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ ሁልጊዜ ግራውን ነበር ቀድሞ የሚያወልቀው…»

ደሚቱ መጥረጊያዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጎረቤት ከሆኑ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በገዛ ፈቃዷ፣ «ከዚያስ፣ ጋሼ?» አለቻቸው።