የሺ ያላነጠፈችው አልጋ

እኛ ሐበሾች ያለ ምክንያት ከቤት አንወጣም። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ ብትጠይቁ ወይ ለቅሶ ሊደርስ ነው፣ ወይ ሠርግ ተጠርቶ፣ ወይ ስለት ሊያስገባ፣ ወይ ጉዳይ ሊያስፈጽም። «ወዴት ነው?» ሲሉት «ወዴትም፣ እንዲያው ለመሄድ» ብሎ የሚመልስ ቢገኝ፣ ዘመዶቹ ተሰብስበው ጠበል ይወስዱት ነበር። ፈረንጅ ግን እንዲያው ይሄዳል። በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አሸዋ ላይ ተኝቶ፣ አፍንጫው ተልጦ ይመለስና «ግሩም ነበር» ይላል። እኔ ይህን ስሰማ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ይህን የማወራችሁ እኔም ሄጄ ስለ መጣሁ ነው።

እኔ አትላንታ መሐል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ ቁም ሣጥን በምታህል የመስታወት ቤት ተቀምጬ ቲኬት እቆርጣለሁ። ባለቤቴ የሺ እዚያው አካባቢ ካለ ትልቅ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። በቀን አሥራ አምስት አልጋ ታነጥፋለች፤ ጠዋት ከቤት ሳትወጣ የምታነጥፈውን የእኛን ስትጨምሩበት አሥራ ስድስት። ስለ ሥራዋ አማርራ አታውቅም። ባለፈው ጥቅምት፣ በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት መሆኑ ነው፣ የሁለታችንም ቬኬሽን አንድ ላይ ገጠመና ምን እናድርግ ብዬ ጠየቅኋት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣

«አንድ ሁለት ቀን ሌላ ሰው ያነጠፈው አልጋ ላይ መተኛት ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር ከእኔ የጠየቀችው ነገር ቢቆጠር ያንድ እጅ ጣት አይሞላም። እሺ አልኳት። ጭንቀቴ የተነሣው ከእሺ በኋላ ነው።

ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ጠንቃቃ የምለው ጨዋውን ቃል መርጬ ነው፤ የሺ የምትጠራኝ በሌላ ስም ነው። ከቤት ስወጣ ምድጃውን ሁለት ጊዜ አያለሁ፣ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ደግሞ ለሦስተኛው እመለሳለሁ። ፓስፖርት የለኝም፤ በስደት የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ እርሱንም ስጓዝ የሺ ከውስጥ ልብሴ ላይ በሰፋችው ኪስ ነው የምይዘው። እንዲህ ላለ ሰው የቲኬት መሸጫው መስኮት ላይ የተለጠፈችው ደሴት የተመረጠች ነበረች። ሴንት ቶማስ ትባላለች። ባሕር ማዶ ናት፣ ግን የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ፓስፖርት አይጠየቅባትም። ቲኬቷም ርካሽ ነው። የረከሰው የዐውሎ ነፋስ ወር ስለሆነ መሆኑን የነገሩኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

የሆቴሉ ዋጋ ግን አልረከሰም። ስጠይቅ ደነገጥኩ። እኛ ደግሞ ሆቴል ሲወደድ የምናደርገውን ታውቃላችሁ። ጨረቃ ላይ እንሂድ ብንባል እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «እዚያ ሐበሻ አለ ወይ?» ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንዱ ነገርኩ፤ ያ ለሌላው ነገረ፤ በሳምንቱ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሮዝዌል የሚኖር አንድ ሰው የስልክ ቁጥር ላከልኝ። በላቸው የሚባል፣ ድሮ መርከበኛ የነበረ፣ ከመርከብ ወርዶ እዚያው የቀረ፣ አርባን የተሻገረ ወንደላጤ አለ። በደሴቲቱ ላይ ያለው ሐበሻ እርሱ ብቻ ነው። ደወልኩለት። ሆቴል የሚለውን ቃል እንኳ አላስጨረሰኝም።

«ሆቴል? እኔ ሞቻለሁ እንዴ፣ ጋሼ?»

ድል እንዳደረገ ሰው ለየሺ ነገርኳት። «ጥሩ» አለች። ሠላሳ አራት ዓመት የኖረ ባል የዚያች «ጥሩ» ክብደቷ ስንት እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። እኔ ግን የሆቴል ገንዘብ በማዳኔ ተደስቼ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር።

ሰው ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸሚዝ፣ ካልሲ፣ አንድ ብርድ ልብስም ጭምር፤ በጋና ክረምት ሰው ላብ በላብ የሚሆንበት አገር ብርድ ልብስ ይዞ የሄደ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሻንጣውን በገመድ ጠፍሬ፣ አውሮፕላኑ ሳይነሣ አምስት ሰዓት ቀድመን ደረስን። ከሆቴል ያዳንኩትን በስጦታ ተሸክሜ ሄድኩ ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

በላቸው አየር ማረፊያው በር ላይ ክራባት አስሮ ጠበቀን። በዚያ ሙቀት፣ ክራባት! አቅፎን ለቀቀን፣ ደግሞ አቀፈን። ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት ኩሽና ናት፤ አልጋውም አንድ ነው። አልጋው የእናንተ ነው አለን፤ እርሱ ኩሽናው ወለል ላይ አነጠፈ። ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ «እኔ መርከብ ላይ ገመድ ተንተርሼ የኖርኩ ሰው ነኝ» አለና ዘጋው። ለእኛ ሲል የሳምንት ፈቃድ ወስዷል። ሥራው ምን እንደሆነ ብጠይቀው «አለች አንዲት ኩሽና» ብሎ አለፈው።

የሺ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ አልጋውን አነጠፈች። የሰው አልጋ እንዴት ተዝረክርኮ ይተዋል? ኩሽና ገብታ የእርሱንም ምንጣፍ አጣጥፋ አስቀመጠች። እንደ አትላንታው ቢሆን ኖሮ ለዚህ ይከፈላት ነበር።

ረቡዕ ጾም ስለነበረ በላቸው ሐሙስን ጠበቀና ፍየል ጎትቶ መጣ። በእናንተ ይሁንብኝ፣ እውነተኛ ፍየል፣ ባለ ጢም። ከአገሩ ገበሬ ገዝቶ፣ በስመ አብ ብሎ ጓሮ ባረከው። ጎረቤቶቹ በአጥር ያያሉ። እስከዚያ ድረስ መልካም ነበር። ነገሩ የተበላሸው ጨጓራውን ራሱ ሊያጥብ ሲቀመጥ ነው። የእኛ አገር ሴት ወንድ ጨጓራ ሲያበላሽ እያየች እንዴት ትቀመጥ? የሺ ዐሥር ደቂቃ ታገሠች፤ ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ሐሙስ ስታጥብ፣ ስትከትፍና ስትቀቅል ዋለች። ዓርብ ፍየሉን ትተን እርሷ ሽሮ ሠራች። ቅዳሜ የቀረውን ዘልዝላ ኩሽናው ውስጥ በሲባጎ ላይ ሰቀለች። የባሕር አየር ሥጋ አያደርቅም፤ እርሷ ግን ደረቀች።

ባሕሩስ ትሉኝ ይሆናል። ባሕሩ ነበረ። በሁለት ቤቶች መካከል የመቀነት ስፋት ያህል ይታያል። እንውረድና እንየው ባልኩ ቁጥር በላቸው ይገረማል። «ባሕር ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሼ? ውኃ እኮ ነው። እኔ ዐሥር ዓመት አይቼዋለሁ፤ ሁሌ ያው ነው። ይልቅ ይችን ጎድን ይቅመሱልኝ።» ብቻችንን እንዳንሄድ እንግዳ ለብቻው አይወጣም። እንዳንበላ ይቀየማል። ሦስታችንም በፍየል ዙሪያ ታስረን ነበር፤ ቁልፉ ግን ከማን ጋር እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሺ ያነጠፈችው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታሻለች። ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ።

«ማክሰኞ እንመለሳለን አይደል?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«ደግ» አለች። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ጆሮዬ ተከፈተ። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ በልቤ ንግግሬን አሰናዳሁ፣ ኩሽና ሄድኩ። በላቸው ሽንኩርት ይልጣል። ስለ አየሩ ጀመርኩ፣ ስለ መርከብ አወራሁ፣ ስለ አገሩ ሕዝብ ደግነት መሰከርኩ፤ ዞሬ ዞሬ የሺ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ መኖሯን፣ ከእኔም የጠየቀችኝን ነገር ነገርኩት። ሁለት ቀን ብቻ፣ አልኩት፤ ርካሹን ፈልግልን። ቢላዋው ቆመ።

«ምን አጎደልኩ፣ ጋሼ?»

«ምንም አላጎደልክም። አበዛህ እንጂ።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። ኋላም፣ ዓይኑ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ እንባ አቅርሮ፣ «እኔ እኮ የምሠራው ሆቴል ኩሽና ውስጥ ነው» አለኝ። «ለሠራተኛ ቤተሰብ ክፍል በግማሽ ዋጋ ይሰጣሉ። የደወሉልኝ ዕለት ማናጀሩን ጠይቄው፣ እሺ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረን?»

«እንግዶቹን ሆቴል ጣላቸው ብባልስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የትኛው ሰው? እዚህ ከአንተ በቀር ሐበሻ የለም!»

አሰበበት። በሐሳቡ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር የፈተሻት ይመስላል። «አትላንታ ቢሰማስ?» አለ።

ሳቅሁበት። እርሱም ሳቀ። ማታ ግን ጋደም ብዬ ሳስበው ሳቄ ጠፋ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አትላንታ ይሰማ ነበር። የሚያሰማውም እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ሆቴል አስገብቶን ቢሆን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ፣ «የዘንድሮ ሰው እኮ! የአገሩን ሰው ሆቴል ጥሎ ሄደ» ብዬ ስተርክ ራሴን አየሁት። ሰው ምን ይለኛል የምንለው ያ ሰው፣ ስንፈራው የምንኖረው፣ አንዳንዴ የእኛኑ ኮት ለብሶ ነው የሚገኘው። በላቸው ወለል ላይ የተኛው እኔን ፈርቶ ነው።

እሑድ ሻንጣችንን ተሸክሞ ወደሚሠራበት ሆቴል ወሰደን። ለእንግዳ ተቀባይዋ «አጎቴና አክስቴ ናቸው» አላት። ያልሆንኩትን አጎት በመሆኔ ላቤ መጣ፤ ነገር ግን ፈርሜ ገባሁ። ክፍሉ ባሕሩን ፊት ለፊት ያያል። በላቸው መስኮቱ ጋ ቆሞ ባሕሩን ጥቂት ተመለከተና «ከዚህ ሲያዩት መጥፎ አይደለም» ብሎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ስነቃ የሺ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በእርሷ በኩል ያለው የአልጋው ግማሽ እንደ ወረቀት ተስተካክሎ ተነጥፏል። «እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም» አለችኝ፤ አፍራለች። እኔም በዕድሜዬ ሠርቼ የማላውቀውን ሠራሁ። ተነሥቼ አንሶላውን ገፈፍኩ፣ ትራሶቹን ወለል ላይ ወረወርኩ፣ ብርድ ልብሱን በእግሬ ጠቀለልኩት። «አብደሃል?» አለች፤ ግን አልከለከለችኝም። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

አንዲት የደሴቲቱ ሴት ጋሪዋን እየገፋች ገባች፤ የየሺ እኩያ ናት። የሺ ብድግ ልትል ቃጣት። ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ከዚያ ያደረገችው ባስታወስኩት ቁጥር የማልጠግበው ነገር ነው፤ ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው። ሴትዮዋ ስትዘረጋ፣ ስታጥፍ፣ ስትወጥር፣ የሺ ዓይኗን ሳትነቅል ትከተላለች፤ አንገቷ ከአንሶላው ጋር ይሄዳል። ትራሱ ሲደላደል እርሷም ተነፈሰች። አመሰገነቻት፤ ሁለት ጊዜ። በሩ ተዘጋ።

«ጎበዝ ናት» አለችኝ። «ማዕዘኑን ግን አላጠበቀችውም።»

ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጣለች፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ተጋደመች። ወዲያው ወሰዳት። ምሳ አለፈ። ከከተማ ወደ አሸዋማው የባሕር ዳርቻ የሚሄደው የመጨረሻው ርካሽ አውቶቡስ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚነሣ በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፤ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዝናብ መጥቶ ሄደ። ወንበሬን ወደ በሩ አስጠግቼ፣ ማንም እንዳያንኳኳ ስጠብቅ ዋልኩ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገልበጥ ብላ እንደገና ተኛች።

አትላንታ ስንመለስ ሰዉ ከበበን። ባሕሩ እንዴት ነው፣ ሕዝቡ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ነው አሉ። እኔ ስለ ፍየሉ ሳወራ፣ አንዷ ወደ የሺ ዞራ፣ «እርስዎስ እትዬ፣ ደሴቲቱን እንዴት አገኟት?» አለቻት።

«እንቅልፏ ጥሩ ነው» አለች የሺ።