እማዬን የት እናስቀምጣት?

ትናንት ከሰዓት የሆስፒታል አግዳሚ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አይስጠው!

የእማዬን የልብ ምርመራ ፋይል ፍለጋ ካርድ ክፍል ገባሁ። ያለ እሱ ቀዶ ጥገና የለም ተብላለች። ስገባ ምን አየሁ! ፋይሎቹ ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው ማኪያቶ ይጠጣሉ። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት በሽተኞቹ ናቸው። ዶክተሮቹ ደግሞ ዘበኛው እስኪመረምራቸው ምላሳቸውን አውጥተው ተሰልፈዋል።

እማዬን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አየኋት።

«ሳምራዊት፣ ልጄ፣ አውርጂኝ! ባሕር ማዶ ሊልኩኝ ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። አንዱ ፋይል ክራባቱን እያስተካከለ ተነሣ። አቶ ጥጋቡ ይባላል፣ ኃላፊው እሱ ነው አሉኝ።

«እናትሽ የት ትቀመጥ የሚለውን በኮሚቴ ወስነናል» አለ። «ብርድ አገር ነው። እዚያ አትበላሽም።»

«እናቴ ሥጋ ናት እንዴ? እሷንስ ማን ጠየቃት?»

«የሚቀመጥን ዕቃ ማን ይጠይቃል?»

ወዲያው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሆንን። መሐሉ ላይ አንድ ወረቀት ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎለት ወታደሮች ይጠብቁታል። ጠጋ ብዬ ባነበው የሠራተኞች ሥልጠና የምሳ ሜኑ ነው። ክትፎ፣ ጥብስ፣ ለስላሳ።

«ይኼ እስከ መቼ ይቀመጣል?» አልኩ።

«ለዘለዓለም!» አሉ ወታደሮቹ።

«እናቴስ?»

አቶ ጥጋቡ ሰዓቱን አየ። «የእሷማ ጊዜዋ አልፏል። ትጠፋለች።»

«እንዲህ እያወራች?»

«አውርታ ስትጨርስ።»

ክራባቱን አንቄ ያዝኩት። «ዓይናችሁን በጨው የታጠባችሁ! ክትፎ አስቀምጣችሁ ሰው ታጠፋላችሁ?» እያልኩ እጮኻለሁ። እማዬ ከእግሯ ጀምራ እየደበዘዘች ነው። «ነጠላዬን እንኳ አቀብሉኝ» ትላለች። ልይዛት እጄን ስዘረጋ አየር ጨበጥኩ።

በራሴ ጩኸት ነቃሁ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ትከሻዬን ትነቀንቃለች። ተመስገን አልኩ። አፌን ሳልዘጋ የካርድ ክፍሏ ልጅ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«እህቴ፣ የእማማ ዘርፌ ፋይል የለም። አምና ፋይሉ ሁሉ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ሲጫን ቅጹ ላይ እስከ 2020 ይቀመጥ ብለን ሞልተን ነበር። ማሽኑ ያለው ፈረንጅ አገር ነው፤ በፈረንጅ 2020 ድሮ አልፏል ብሎ አጥፍቶታል።»

«ምን? በፈረንጅ እንደሚቆጥር ሳትጠይቁ ነው የሰው ልብ የምትልኩት? ቀዶ ጥገናዋስ?»

«ምርመራው ሁሉ ከተደገመ በኋላ ነዋ። አትቆጪ እንጂ፣ አሁን እንደ አዲስ መዝግቤያቸዋለሁ። እንዳይደገምም ራቅ አድርጌ ነው የሞላሁት።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ 2022» አለችኝ በኩራት። «በእኛ።»