በጨለማም የሚነበብ ፊደል

መሥሪያ ቤታችን ውሃ ያድላል፤ ውሃ በማይኖርበት ቀን ደግሞ ማስታወቂያ ያድላል። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ከዚህ በታች የሠፈረውን ታላቅ ገድል በገዛ እጄ ስለመዘገብኩት፣ እመኑኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። የጨመርኩ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የአለቆቼ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የውሃ ፈረቃ በድረ ገጽ ይውጣ የተባለ ጊዜ ነው። የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚያገኝ ሕዝቡ በስልኩ እንዲያይ ማለት ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያችን፣ ገና ልጅ ስለሆነች የመሥሪያ ቤት ወግ አይገባትም፣ ገጹን በሁለት ቀን ሠርታ አመጣችው። ፊደሉ ጥቁር፣ መደቡ ነጭ፣ ጽሑፉ ደልደል ያለ። ሥራ አስኪያጁ አዩት፤ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰኞ ፈረቃ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ችግሩም እሱ ነው፣ አንዴ አይቼው ገባኝ! ማንም መንገደኛ ባንድ እይታ የሚረዳው ነገር የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ይባላል? ክብሩ የታለ?»

እውነታቸውን ነው። በዚያው ዕለት «የድረ ገጽ ፊደል መራጭና ተነባቢነት አረጋጋጭ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ፣ አባላቱ የሰው ኃይል ኃላፊዋና የንብረት ክፍሉ ሹም፣ ጸሐፊው እኔ። ባለሙያዋ፣ ሙያው የራሷ ስለሆነ እንዳታዳላ፣ ያለ ድምፅ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት።

ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈረቃውን ጽሑፍ ቃል በቃል ሲያረቅ ከረመ። «ውሃ ይመጣል» የሚለው ተራ አነጋገር «የውሃ አቅርቦት ተደራሽ ይሆናል» ወደሚል ከፍታ ወጣ። ከዚያ ወደ ፊደል መረጣ ተገባ። ባለሙያዋ አሥራ አንድ ዓይነት ፊደል በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየች። አንዱ «ቀጥኗል፣ የታመመ ይመስላል» ተብሎ ወደቀ። ሌላው ክብ ክብ ስለሚል ለሕፃናት ተተወ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ከኮታቸው የደረት ኪስ አንድ ካርድ አወጡ። የልጃቸው የሠርግ ጥሪ ነበር። ፊደሉ ወርቅማ ነው፤ አንዱ እግሩን በጎረቤቱ አንገት ላይ ጠምጥሟል፣ ሌላው ከራሱ አበባ አብቅሏል።

«ፊደል ማለት እንዲህ ነው!» አሉ።

«ያምራል፣ ግን…» አለች ባለሙያዋ፣ «በዚያ ሠርግ ግማሹ ዘመድ በማግስቱ አይደል እንዴ የመጣው?»

«ዋናው መምጣቱ ነው!»

ተነባቢነቱ በሳይንሳዊ መንገድ ይፈተን ተባለ። ባለሙያዋ «ጋሼን ጠርተን እናስነብባቸው» አለች። ጋሼ ዘበኛችን ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን በር የጠበቁ፣ በዚያች ደሞዝ ወላጅ የሌላቸውን ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሽማግሌ።

«አይሆንም፣ እሳቸው ጽሑፉን አያውቁትም። ውጤቱን ያበላሹብናል» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ስለዚህ አባላቱ ራሳቸው ተፈተኑ። ሦስት ሳምንት ሲያረቁት የከረሙትን ጽሑፍ ግድግዳው ላይ እያዩ አንበለበሉት። የንብረት ክፍሉ ሹም ረቡዕ ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፋ፤ ፕሮጀክተሩም አብሮ ድርግም አለ። ሹሙ ግን ምን በወጣቸው! አንዲት ቃል ሳይስቱ እስከ እሑድ ወረዱ። ተጨበጨበ። እኔም እንዲህ ስል መዘገብኩ፦ «ፊደሉ በጨለማም የሚነበብ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል።» ከዚህ በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ማናቸውም ደብዳቤ በዚሁ ፊደል ብቻ እንዲጻፍም መመሪያ ወጣ።

የድረ ገጹ ስኬት ከተጠበቀው በላይ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት የጎብኚው ቁጥር በሦስት እጥፍ አደገ፤ አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ሃያ ደቂቃ እንደሚቆይ ታወቀ። በሪፖርቱ ላይ «ሕዝቡ ከገጹ ዓይኑን መንቀል አቅቶታል» ብለን አሰፈርን።

በዚያው ሳምንት አንዲት ልብስ አጣቢ ስልኳን ይዛ በራችን ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ያንብቡልኝ። የሰው አንሶላ ከዘፈዘፍኩ ሦስት ቀኔ፤ ለካስ ውሃው መጥቶ ሄዷል!»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን አቀረቡት፣ አራቁት፣ ገለበጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ጽሑፍ ነው ጥልፍ?»

ስልኩን ይዘው ባለሙያዋ ዘንድ ገቡ። እሷም ግራ ቀኟን አይታ፣ ያንኑ ፈረቃ በዚያ በተናቀው ጥቁር ፊደል አትማ ሰጠቻቸው። ጋሼ በሩ ላይ ለጠፉት። በማግስቱ በሩ በሰው ተሞላ፤ ሁሉም እያነበበ ወደ በርሜሉ ይሮጣል።

ሰኞ ዕለት የሥራ አስኪያጁ ስልክ ጮኸ። የባለቤታቸው ድምፅ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል።

«አንተ ሰውዬ፣ ፀጉሬ ላይ ሻምፑ አለ! ውሃው መቼ ነው?»

«ድረ ገጹን ክፈቺዋ።»

«ከፈትኩት እኮ! የልጃችንን ሠርግ ነው የሚያሳየኝ!»

ሥራ አስኪያጁ ገጹን በራሳቸው ኮምፒዩተር ከፈቱ። አጎሉት። መነጽር አወለቁ፣ መነጽር አደረጉ። ከዚያ «ትንሽ አየር ልቀበል» ብለው ወጡ። በመስኮት ሳያቸው በሩ ላይ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍተው ወረቀቱን ያነባሉ፤ ለባለቤታቸውም በስልክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገ ጠዋት ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ተመልሰው ሲገቡ ግን ደማቸው ፈልቷል።

«በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያልተፈቀደ ተነባቢ ጽሑፍ ተለጥፏል!»

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ዘበኛው ከሥራ ይሰናበቱ ተባለ፣ በሙሉ ድምፅ።

«ያተምኩት እኔ ነኝ! እሳቸው ሁለት ልጅ ያሳድጋሉ እኮ!» አለች ባለሙያዋ እንባዋ እየመጣ።

«አንቺ ድምፅ የለሽም» አሏት።

እኔስ? እኔማ ጸሐፊ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ፤ አፈርኩም። የስንብት ደብዳቤውን ግን በመመሪያው መሠረት በዚያው በሠርጉ ፊደል ጻፍኩት። መመሪያ መመሪያ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከሌሎች አርባ ደብዳቤዎች ጋር ሳያነቡ ፈረሙበት።

ደብዳቤውን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ወርቁን አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ፊርማውን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት… ለካስ ያዩኝ ነበር!»

ምስጋና መስሏቸው ነው፤ እኔም ግልባጩን ይዤ ወደ ሰው ኃይል ክፍል አመራሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋም ግልባጩን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ምን እንደሚል መጠየቁ አሳፈራቸው መሰለኝ፣ «በጣም ተገቢ ነው» ብለው የምስጋና ደብዳቤዎች ፋይል ውስጥ ከተቱት።

የበሩን ወረቀት ይነሣ ያለ ሰው አልነበረምና፣ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ የሰፈራቸውን ፈረቃ ሊያዩ እንደ ልማዳቸው አየር ሊቀበሉ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ጋሼ በቦታቸው ናቸው። ደብዳቤው በመስታወት ፍሬም ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል።

«እርስዎ አሁንም እዚህ ነዎት?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«በእርስዎ ደግነት፣ ጌታዬ! እግዜር ያክብርልኝ!» ጋሼ ፍሬሙን አሳዩ።

ልብስ አጣቢዋ ወረቀቱን ለማንበብ ከተሰለፈው ሰው መሃል ወጣ አለች። «እስቲ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡልን። ፊደሉን የመረጡት እርስዎ ነዎት አሉ፤ እኛማ አቅቶናል።»

ሠላሳ ሰው አንገቱን አስግጎ ጠበቃቸው። ሥራ አስኪያጁ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ግንባራቸውን አላባቸው። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለ… አሥራ ዘጠኝ ዓመት… በታማኝነት… ስላገለገሉ… የላቀ ምስጋና…»

ሕዝቡ አጨበጨበ።

«እቺ የታችኛዋ መስመርስ?» አለች ልብስ አጣቢዋ በጣቷ እየጠቆመች። «የደረጃ ዕድገት ትሆን?»

«አ… አዎ። ዕድገት።»

እኔም የዕለቱን ክንውን እዚያው ቆሜ መዘገብኩ፦ «ፊደሉ በሥራ አስኪያጁም የሚነበብ መሆኑ በሕዝብ ፊት ተረጋግጧል።»