ግማሽ ሰርግ በኪሴ ይዤ ሱሉልታ

ሰዎች፣ ይሄን ለሰው ካላወራሁት አልተኛም! ጉድ ሆኛለሁ። ጉድ ስላችሁ ደግሞ በሃምሳ ሰው ፊት፣ ከጎረቤት በተዋሱት ትልቅ ፍላት ስክሪን ላይ የወጣ ጉድ ነው።

ነገሩ የጀመረው እሁድ ነው፤ ያለቀው ዛሬ ጠዋት። ዳታ ተዘግቶ ስለከረመ ነው ዝም ያልኩት። አሁንም በቪፒኤን ተንጠልጥዬ ነው የምጽፈው፣ መሃል ላይ ከጠፋሁ ዘጋን እንዳትሉኝ።

ለማታውቁኝ፦ ቢኒ እባላለሁ፣ ሰበታ ላይ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ኤዲትም አደርጋለሁ። አብሮኝ የሚሰራው ጓደኛዬ ጫላ ነው። እሱ የሚኖረው ቡራዩ ነው።

ባለፈው ወር ላፕቶፔ አስለቀሰኝ። ኤችዲ ቪዲዮ ስከፍትበት ሙሽራው አንድ እርምጃ ይሄድና ቀጥ ይላል። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሁለተኛውን ይራመዳል።

"ችግሩ ሃርድ ዲስክህ ነው፣ ፈጣን ግዛ" አሉኝ የሚያውቁ ሰዎች።

እሺ ብዬ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሻጩ ልጅ አፉን ሲከፍት እኔ ጠፋሁ። ኤችዲዲ፣ ኤስኤስዲ፣ ሳታ፣ ዩኤስቢ ሦስት፣ ሬይድ... እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ "አዎ፣ አዎ፣ እሱንማ አውቃለሁ" እላለሁ። ምንም አላውቅም!

እናንተስ እንደዚህ አድርጋችሁ አታውቁም? አትዋሹ።

በመጨረሻ ሁለት ኤስኤስዲ፣ ፈጣኖቹን ዲስኮች ማለት ነው፣ የሚጎርስ ትንሽ ሳጥን አወጣልኝ። ከኋላው መቀየሪያ አለው፤ 0 እና 1 የሚል።

"0 ላይ ካደረግከው ሁለቱ ተጋግዘው ይሰራሉ፣ ይበርልሃል። 1 ላይ ካደረግከው ደግሞ አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሆናል፣ ግን እንደዚያኛው አይፈጥንም" አለኝ።

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ሁለት ቃል ነው። "ይበራል" እና "ግልባጭ"። ፈጣንም ነው፣ ግልባጭም አለው ብዬ፣ 0 ላይ አስደርጌ፣ እየፈነደቅኩ ወጣሁ። ከሁለቱ አንዱን እየመረጥኩ መሆኔን አልተረዳሁም።

በረረ ደግሞ! ሙሽራው መራመድ አይደለም፣ ሮጠ!

አሁን ወደ ሰርጉ።

ሙሽሪት ለሊሴ ትባላለች፣ የሱሉልታ ልጅ ናት። ሰበታ ፋብሪካ ስትሰራ ከደቡብ ለስራ የመጣ ታምራት የሚባል ልጅ ተዋወቀች፣ ተዋደዱ። ኑሮዋ እዚያው አጠገብ፣ ዓለም ገና ባለው አክስቷ ቤት ስለነበር ሰርጉም ከዚያው ሊሆን ተወሰነ። አባቷ ኦቦ ቱሉ ቅዳሜ ጠዋት ከሱሉልታ መጥተው መርቀው ሊሸኟት ነበር።

ሰሞኑ ግን የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ነው። ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ ከ"አካም ጂርታ" ቀጥሎ "መንገድ ክፍት ነው?" የሚባባልበት። ቅዳሜ ጠዋት የሱሉልታ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። ኦቦ ቱሉ በአዲስ ጋቢያቸው መንገድ ዳር እስከ ቀትር ቆመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ልጅቷን የአክስቷ ባል መረቋት።

ማታውኑ ስልክ ደወሉልኝ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "የምሳውን፣ የኬኩን ነገር ተወው። ልጄ ከቤት ስትወጣ ያለውን ብቻ አሳየኝ።"

"በኤችዲ ነው የሚያዩት ኦቦ! እዚያው የቆሙ ነው የሚመስልዎት!" አልኳቸው።

አፌን በቆረጠው!

መልሱ በሳምንቱ እሁድ ሱሉልታ እሳቸው ቤት ነው። አርብ ዕለት ኤዲቱን ጨረስኩ። የካሜራውን ሚሞሪ አጥፍቼዋለሁ፣ ሌላ ሰርግ ነበረብኝ። ፍላሽ ላይ ልገለብጥ ስል "ፋይሉ ትልቅ ነው" ብሎ እምቢ አለ። ላፕቶፔ ሆዱ ሞልቷል። ጫላ "በቃ ዲቪዲ ላይ ጻፈው" አለኝ። ኤችዲ የሰራ ሰው ወደ ዲቪዲ ይወርዳል እንዴ? ኩራቴን አያችሁልኝ?

ስለዚህ ሰርጉ ያለው ሳጥኑ ላይ ብቻ ነው። እሁድ ደግሞ መንገድ ሊዘጋ ይችላል እየተባለ ነው፤ ካሜራና ዲስክ የያዘ ሰውም አጥብቆ ይፈተሻል።

እዚህ ላይ የእናቴ ምክር ትዝ አለኝ። እናቴ ሰሞኑን እኔንና ወንድሜን በአንድ ታክሲ አታሳፍርም። "አንዳችሁ እንኳ ብትደርሱ" ትላለች።

ሁለቱን ዲስኮች ከሳጥኑ ነቀልኳቸው። አንዱን ለጫላ ሰጠሁት፣ በቡራዩ በኩል ይመጣል። አንዱን እኔ በአየር ጤና በኩል አመጣለሁ። ግልባጭ አይደሉ? አንዱ ቢቀር አንዱ ይደርሳል!

ጫላ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ "ጂኒየስ ነህ" አለኝ። እኔም አመንኩት።

እሁድ ተነሳሁ። ኬላ ላይ ፈታሹ ዲስኩን ከኪሴ አውጥቶ አገላበጠው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሰርግ ነው" አልኩት።

አየኝ፣ ዲስኩን አየ፣ መለሰልኝ። ውሸት እንደነገርኩት እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅኩ።

ሱሉልታ ልደርስ ስል ጫላ ደወለ። "ቡራዩ ተዘግቷል፣ ከሰፈር መውጣት የለም። ግን ችግር የለም፣ ያንተ አለ አይደል?"

"አለ!" አልኩት ደረቴን ነፍቼ። እናቴን በልቤ አመሰገንኳት።

ድንኳኑ ሞልቷል። ኦቦ ቱሉ ፍላት ስክሪኑ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢውን ለብሰውታል፣ ያንኑ አዲሱን። መነጽራቸውን በጫፉ ጠረጉና አደረጉ። ላፕቶፑን ከቲቪው ጋር አገናኘሁ፣ ዲስኩን በገመድ ሰካሁ።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ አለብህ፣ ፎርማት ይደረግ?

ነቅዬ ሰካሁ። ፎርማት ይደረግ? ገመድ ቀየርኩ። ፎርማት ይደረግ?

"ኦኬ በለዋ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"እሺ በለው፣ እየጠየቀህ እኮ ነው!" አሉ አንዲት እናት። ድንኳኑ በሙሉ "በለው! በለው!" ሆነ። እመኑኝ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ የሚጠርገው ቁልፍ ላይ ጣቴ ደርሶ ነበር። ያዳነኝ እውቀት አይደለም፣ ድንጋጤ ነው።

ወደ ውጭ ወጥቼ ለሻጩ ደወልኩ። ያየሁትን ነገርኩት።

"ሁለቱንም ሰክተሃል?" አለኝ።

"አንዱ ቡራዩ ነው።"

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ አዘነልኝ መሰለኝ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። 0 ላይ ሲሆን ግልባጭ የለም። እያንዳንዱ ፋይል ተበጣጥሶ ግማሹ አንዱ ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ነው የሚጻፈው። የፈጠነውም ለዚያ ነው። አንዱ ብቻውን ባዶ ነው።

ተመልሼ ገባሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ስለ ሬይድ፣ ስለዚያ የ0 እና የ1 ጣጣ፣ ማስረዳት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? "ያው... ሁለት ናቸው... ግን አንድ ናቸው... ግማሹ እዚያ..." ማንም አልገባውም። ከኦቦ ቱሉ በቀር።

"ጥማድ ነው በለኛ!" አሉ።

"እ?"

"አንዱን በሬ ቡራዩ አስረህ፣ በአንዱ እዚህ ልታርስ መጣህ?"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ያን ሁሉ ራሴን ነቅንቄ ያልገባኝን ነገር፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ገበሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። በዚህ ብቻ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

አላለቀም።

ቲቪው ጠፍቶ ዘፈኑ ሲቀጥል ኦቦ ቱሉ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ለሊሴ ውስጥ ልብስ እየቀየረች ነው።

"አንተ እኮ አጠገቧ ነበርክ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እሷን መጠየቅ ከበደኝ። ስትወጣ አለቀሰች?"

ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውስ ሞከርኩ።

ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ፊቷን ስቆርጥ ስቀጥል ከርሜያለሁ። የማስታውሰው ግን ባትሪው ሊያልቅ እንደነበር፣ ብርሃኑ እንደበዛብኝ፣ ያ ዲስክ እንዴት እንደሚበር ነው።

"ከበር የምትወጣው... አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው" አልኳቸው።

እውነቴን ነው፣ ይሄን ነው ያልኩት!

"ደቂቃውን አልጠየቅኩህም፣ ልጄ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጫላ መጣ። ሁለቱን ዲስኮች ሳጥኑ ውስጥ መለስናቸው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈተ። ጫላ ጨፈረ። እኔ ቀጥታ አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሄድኩ።

ለሊሴ ከበር ትወጣለች፣ ቀጥሎ መኪና ውስጥ ናት። አራት ሴኮንድ! ለአባትየው የሰራሁላቸው አራት ሴኮንድ ነው።

ያልተቆረጠውን ከፈትኩት። መዝሙር አለ፣ እልልታ አለ። ለሊሴ ትወጣለች። አታለቅስም። የግቢው በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣውን መንገድ ታያለች። ሚዜዋ ክንዷን ትስባታለች፣ አትንቀሳቀስም። ታምራት ሰዓቱን ያያል፣ ግን ዝም ይላታል። አንድ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ እሷ አሁንም መንገዱን ታያለች።

እና አንድ ሰው ይጮህባታል።

"ሙሽራዬ፣ ወደዚህ! ወደ ካሜራው እዪ! ሙሽራዬ!" ሦስት ጊዜ። ድምፁ የኔ ነው። ሌንሱን ስላላየች "አይረባም" ብዬ ቆርጬ የጣልኩት ይሄንን ነው።

ጫላ መጨፈሩን አቆመ። እኔ ልነግራችሁ የማልችለው ዓይነት ነገር ተሰማኝ። በቃ አፈርኩ።

ሙሉውን መልሼ አስገብቼዋለሁ። ጩኸቱን ላጠፋው ብዙ ሞከርኩ፤ ከመዝሙሩ ጋር ተጣብቋል፣ አንዱ ካልጠፋ ሌላው አይጠፋም። መንገድ ዛሬ ክፍት ነው ተብሏል፣ ሳጥኑን ከነሁለቱ ዲስኮች ታቅፌ ሱሉልታ ልሄድ ነው።

ፈጣን ዲስክ የቱ ይሻላል እያላችሁ ኢንቦክስ የምታደርጉልኝ፣ እባካችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ። ይልቅ እናንተ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ ኦቦ ቱሉ መነጽራቸውን አድርገው እያዩ "ይሄ ልጄ ላይ የሚጮኸው ማነው?" ካሉኝ፣ ምን ብዬ ነው የምመልስላቸው?