ፍሬኑ ይዟል

አማርኛችን ሰፊ ነው ይሉናል። እናምናለን፤ ማን ሜትር ይዞ ይለካዋል። እኔ ግን አንዳንድ ጊዜ ሳስበው ይህ ቋንቋ ከመስፋቱ ይልቅ ቆጣቢነቱ ይበልጥብኛል። አንዱን ቃል ይቀጥርና የአሥሩን ሥራ ያሠራዋል። «ያዘ» የሚባለውን ምስኪን ቃል ብቻ ተመልከቱልኝ። ወባ ሰው ይይዛል፣ ፖሊስ ሌባ ይይዛል፣ ፍቅር ጎረምሳ ይይዛል፣ ዝናብ መንገደኛ ይይዛል። «ልጁ ሥራ ይዟል» ሲሏችሁ እንጀራ አገኘ ማለት ይሁን ወይስ አሁን አይመቸውም ማለት ይሁን፣ የተናጋሪውን ፊት አይታችሁ ነው የምትለዩት። በእኛ በደባርቅ በኩል ደግሞ ላሚቱ ይዛለች ከተባለ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል፣ ጥጃ ሊመጣ ነውና። ጎረቤትን ይዞታል ከተባለ ግን ጋቢ ደርቦ ለመጠየቅ መሄድ ነው። እንግዲህ ይህንን ቃል ጋራዥ አስገቡትና የሚሆነውን እዩ።

ጋራዥን ካነሳን አይቀር፣ በዚያን ጊዜ እኛ ጋ መኪና ሰርቪስ የሚደረገው ሲቆም ነበር። እየሄደ ያለ መኪና ጋራዥ ማስገባት ማለት ጤነኛ ሰው ወስዶ ሐኪም ቤት ማስተኛት ማለት ነው። ያያችሁ ሁሉ «ምን ሆነች?» ይላል። «ምንም አልሆነች፣ እንድትታይ ብዬ ነው» ብትሉት ያዝንላችኋል፤ የደበቃችሁት ነገር ያለ ይመስለዋል። እኔም ያቺን አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ከገዛሁ ጀምሮ ከነዳጅና ከጎማ ነፋስ ሌላ የጠየቀችኝ ነገር አልነበረም። ጠይቃኝም ከሆነ አልሰማኋትም። ሥራዬ ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ገብስና ስንዴ እየገዛሁ ደባርቅ ማምጣት ነበር። መንገዱ ደህና ነው፤ ፍሬን የምረግጠው በግ ሲያቋርጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሞተርም ስለ ፍሬንም የማውቀው፣ መኖራቸውን ያህል ነበር።

ታዲያ እመቤት መጣች። ማለቴ፣ እሷ ድሮም ነበረች። ደባርቅ ገበያ ጥግ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱሪዬን ላሳጥር ሄጄ እኔው አጥሬ ተመለስኩ። ምን ላርዝምባችሁ፣ ተግባባን። ወላጆቿ ግን ዛሪማ ናቸው፤ ዛሪማ ለመድረስ ደግሞ ሊማሊሞን መውረድ ግድ ነው። ያኔ መንገዱ ገና ጠጠር ነው፤ ታጥፎ ታጥፎ ሲወርድ፣ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት የገባችሁበት እንጂ የምትወጡበት አይታይም። አባቷ ጋሽ ገብሩ በዚያ ገደል የጭነት መኪና ሲያወጡና ሲያወርዱ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። እመቤት ወደ ቤተሰቦቿ ከመሄዷ በፊት አስጠንቅቃኝ ነበር። «አባቴ ሰው የሚለኩት በመኪና አያያዙ ነው። አንዴ አልሰጥም ካሉ ደግሞ፣ ሊማሊሞ ቢናድ አይመለሱም» አለችኝ። ፈራሁ። እሷን ካላገኘሁ ሱሪ እንኳ የት እንደማሳጥር አላውቅም ነበር።

ሽማግሌ የሚሄድበት ቀን ለእሁድ ተቆረጠ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አጎቴ አያ ታከለ፣ ከብት አርቢ ገበሬ፤ ሁለተኛው ደግሞ የሰፈራችን የቅኔ መምህር መሪጌታ ልሳኑ። በልማዳችን ፈላጊው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን መብላት ነው ድርሻው። በአውቶቡስ ይሂዱ ብል አጎቴ ተቆጡ። «መኪና ያለው ሰው ሽማግሌውን በአውቶቡስ ከላከ፣ መኪናው የሰው ነው ይባላል» አሉ። የሚያወርዳቸው ሾፌር ብፈልግ ታጣ። መሪጌታ ናቸው መላ ያመጡ።

«አንተው ንዳ። ሲጠይቁን ሾፌር ነው እንላለን።»

«ውሸት አይሆንም፣ የኔታ?»

«ትነዳለህ፣ አትነዳም?»

«እነዳለሁ።»

«የሚነዳ ሰው ምን ይባላል?»

ቅኔ የተማረ ሰው ውሸትን እንኳ ሰዋስው አውጥቶ ነው የሚነግራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ለሞላ ሰጠሁት። ሞላ የሰፈራችን መካኒክ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሲሠራ ብሎኖቹን በጥርሱ ስለሚነክስ ንግግሩ አጭር መሆኑ ነው። «ሁሉንም እይልኝ። ዘይቱን ቀይር፣ ፊልትሮውን አጽዳ፣ ጎማውን እይ፣ ከሁሉ በላይ ግን ፍሬኑን» አልኩት። ብሎኖቹን አወጣና «ምን ሆነች?» አለኝ። «ምንም አልሆነች» አልኩት። አዘነልኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ አነጋገሩ ለመመካከር መሪጌታ ቤት ሄድኩ። በዚያ ሰፈር የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው አጥሩ ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ሲወጡ ነው። ወጣሁና ለሞላ ደወልኩ።

«ሞልዬ፣ ፍሬኑስ?»

«ፍሬኑ ይዟል።»

«በደንብ?»

«ጥርቅም አድርጎ ነው የያዘ። በተለይ የኋላው ቀኝ።»

«ተመስገን» አልኩት።

«እና ምን ላድርገው?»

«ምንም እንዳታደርገው። እንዳለ ተወው።»

«ይዞ እያለ?»

«ይዞ ነዋ እንጂ። ነገ ሊማሊሞን ነው የምወርድበት።»

«ባለመኪናው አንተ ነህ» ብሎ ዘጋው።

እናንተማ ገብቷችኋል። ድንጋይ ላይ ቆማችሁ፣ ሆዳችሁ ዛሪማ ሄዶ አይደለማ የምታነቡት። እኔ ግን ከድንጋዩ የወረድኩት ደስ ብሎኝ ነበር። ፍሬን ሲረግጡት ያዘ ማለት ምን ያህል መልካም ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ሳይረግጡትም ይዞ አልለቅ የሚል ፍሬንም «ይዟል» እንደሚባል ያን ዕለት ማን ያስታውሰኝ። ማታ መኪናዋን ልወስድ ስሄድ ሞላ ዳባት ለቅሶ ሄዷል፤ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶልኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ተሳፈሩ። ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ብሰጣት መኪናዋ አልንቀሳቀስ አለች። ጨመር ሳደርግላት አቃስታ ተነሳች። «ምን ሆነች?» አሉ አያ ታከለ። «ትናንት ሰርቪስ ተደርጋ ነው፤ ገና አልተፍታታችም» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁንም አይገባኝም። ሰርቪስ የተደረገ መኪና ይተሳሰራል ያለኝ ሰው የለም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ኮራሁ። ሌሎች መኪኖች እየተንደረደሩ የሚወርዱትን ገደል የእኔዋ በእርጋታ ነው የምትወርደው። እንዲያውም ነዳጅ ካልሰጠኋት አትወርድም። «ሰርቪስ ማለት ይሄ ነው። ቁልቁለት እንኳ አያስሮጣትም» አልኩ። መሪጌታ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚለምን መኪና ማየት ሦስታችንንም ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር፤ ግን ከሦስታችን አንዳችንም አልጠረጠርንም።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። አያ ታከለ አፍንጫቸውን አንስተው «በግ ታርዶ ጠጉሩ እየተለበለበ ነው» አሉ። መሪጌታ «አይደለም፣ ታች ቆላው ላይ ከሰል የሚያከስሉ አሉ» አሉ። አንድ መታጠፊያ በግ ነው፣ አንድ መታጠፊያ ከሰል ነው እየተባባሉ ወረድን። እኔን ግራ ያጋባኝ ሌላ ነው። በግም ይሁን ከሰል፣ ሽታው ከእኛ ጋር አብሮ ይታጠፋል። መስኮት ብንዘጋ ባሰ፤ ብንከፍትም ባሰ። ተከትሎን የሚመጣ በግ ይኖር እንደሆን ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ።

አብዛኛውን ወርደን አንድ ክፉ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ብረግጥ እግሬ ወለሉ ድረስ ገባ። እንደገና ረገጥኩ፤ ባዶ ነው። በግራዬ ገደሉ አለ፣ በጎኔና ከኋላዬ ደግሞ ለእኔ ብለው የመጡ ሁለት አዛውንት። ጋሽ ገብሩ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡትን ሰዎች ከገደል ሲያወጡ ታየኝ። ማርሹን እየቀነስኩ አንደኛ አስገባሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ጎኗን ከተራራው ወገን ካለው አፈር ጋር እያሻሸሁ አወረድኳት። አያ ታከለ ስለ በጉ መናገር ተዉ። መሪጌታ ዳዊታቸውን በቃላቸው ጀመሩ። እስከ ታች ድረስ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

ዛሪማ ስንደርስ የኋላው ቀኝ ጎማ ይጨሳል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ጋሽ ገብሩ ቤት ገቡ፣ እንደ ልማዱም «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ። እኔ ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ ከመኪናዋ ጋር ውጭ ቀረሁ። ኋላ እንደነገሩኝ አያ ታከለ ስለ እኔ «ጥንቁቅ ልጅ ነው፣ መኪናውን እንኳ ሳያስፈትሽ አይነዳም» እያሉ ሳለ፣ ጋሽ ገብሩ አየሩን አሸተቱ፤ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለውም ወጡ።

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ።

«ሾፌሩ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ይሄ ጎማ ይዟል እኮ።»

«ትናንት ጋራዥ አይተውት ይዟል ነው ያሉኝ፣ ጋሼ። ታች ስንደርስ ነው እምቢ ያለው። ግራ ገብቶኛል።»

እንደ በሽተኛ አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ጎማው ብረት ላይ እንትፍ አሉበት፤ ችስ አለ። «ስትረግጠው ነው መያዝ ያለበት። አንተ ሳትረግጠው ይዞ፣ ከደባርቅ ጀምሮ እየጎተትከው መጣህ። ሲግል ሲግል ዘይቱ ፈላና ፍሬኑ ሄደ» አሉ። የሞላ «ይዞ እያለ?» ያን ጊዜ ትርጉሙ ገባኝ። ቆላ ላይ ሆኜ በረደኝ።

ቀጠሉ። «ባለቤቱ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ደህና ሰው ነው።»

«ይጠጣል?»

«እኔ እስከማውቀው አይጠጣም።»

«አንተን እንዴት ነው የሚይዝህ?»

«እንደ ራሱ ነው የሚያየኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ሾፌር ምን ብሎ ቀጠረ?»

«እኔም አንዳንዴ ይገርመኛል።»

በዚህ መሀል እመቤት ውኃ ይዛ መጣች። ፊቴ ጥላሸት ነው። «ሾፌሩ፣ ውኃ ይጠጡ» አለች በአንቱታ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ሳቅ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም። ጠጥቼ መለስኩላት። አባቷ እሷንም እኔንም አዩና ተመልሰው ገቡ። አለቀልኝ ብዬ መኪናዋን ተደግፌ ቆምኩ።

የውስጡን የነገሩኝ አያ ታከለ ናቸው። በአገሩ ወግ የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ከዘመድ ልምከር ብሎ ያመላልሳል። ጋሽ ገብሩም እንደዚያው ጀምረው ነበር አሉ። «ሌላ ቀን ተመለሱ ልላችሁ ነበር። ግን በዚህ ሾፌር ተመልሳችሁ መምጣታችሁን እጠራጠራለሁ። ሁለት ሽማግሌ ከምገድል ልጄን ብሰጥ ይሻለኛል። ደግሞም ሾፌሩ ስለ ጌታው ደህና መስክሯል። አንድ ነገር ብቻ ይፈጽምልኝ፤ ይህንን ሾፌር ያሰናብት።» መሪጌታ በእኔ ስም ወዲያው ተስማሙ።

ሽማግሌዎቹ በአውቶቡስ ተመለሱ። እኔ ከሥራ የተባረርኩት ሾፌር፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከአማቴ ጋር መኪና ሥር ተኝቼ መፍቻ አቀበልኩ። የያዘውን ፈቱት፣ የፍሬን ዘይት ሞሉ፣ አየሩን አስወጡ። እጃቸው ግሪስ በግሪስ ሆኖ ሲነሱ «ሲወጡ በነዳጅ፣ ሲወርዱ በማርሽ ነው የሚባለው ለአንተ ተገላቢጦሽ ነው የገባህ» ብለው ሳቁብኝ፤ ግን እንደዚያ ተብሎ እንደሚያውቅ እንጃ። በማግሥቱ ሞላን ሳፋጥጠው ብሎኑን ከአፉ አወጣና «ቁልቁለት ላይ እንዳትሮጥብህ ሆን ብለህ መስሎኝ» አለኝ። እኔም ብሆን እንደዚያ አስብ ነበር።

ሠርጉ ዕለት ሱፍ ለብሼ፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ በተከራየነው ሚኒባስ ዛሪማ ወረድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ጋሽ ገብሩ ትከሻዬን ያዙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሾፌሩን አሰናበትከው?»

«አሰናብቼዋለሁ፣ አባባ።»

«ጥሩ አደረግህ። ቢለምንህም እንዳትመልሰው።»

ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ከውኃው በፊት ይሁን ከውኃው በኋላ፣ ወይስ ከመኪናዋ ስወርድ ጀምሮ፣ እመቤትን ብጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትመልስም። ቃሌን ግን ጠብቄያለሁ። ዳባትም አምባ ጊዮርጊስም በመኪናዬ ነው የምሄደው። አማቶቼን ልንጠይቅ ሊማሊሞን ስንወርድ ግን፣ መኪናዬን ደጅ አቁሜ፣ ልጆቼን አቅፌ፣ አውቶቡስ ተራ እሰለፋለሁ። ሰዉ «መኪና እያለህ?» ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ሾፌር የለኝም።