ለዜና የገቡት ኦቦ ጉታ

በየከተማው ሳይከራከር የሚከፍለው ዋጋ የሌለው አንድ ሰው አይጠፋም። ለአምቦ የደረሷት ክቡር ኦቦ ጉታ ናቸው። ለእኔ የባሰ ደረሰኝ፤ የሚስቴ አባት ናቸው። ሠርጋችን ወንጪ ስለነበር ተማሪዎቼ ዝምድናችንን አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

በአብዮቱ ዘመን ቴሌቪዥን የሌለን ሰዎች የምናየው ወይዘሮ ጌጤነሽ ሻይ ቤት ነበር። ድራማ ስሙኒ፣ ኳስ ሃምሳ ሳንቲም። ዜናና የመሪዎች ንግግር ግን በነፃ ነው፤ በገንዘብ እንዳታሳይ ቀበሌው አስጠንቅቋታል። ስለዚህ ዜናው ሲያልቅ ሁላችንም እንወጣና ከፍለን እንገባለን።

ኦቦ ጉታ አይወጡም። «እኔ የገባሁት ለዜና ነው። ኳሱን ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ» ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ ዘግይተው መጡና በግማሽ ዋጋ ገቡ፤ ያመለጣቸውን ጎል እንድትተርክላቸውም ጠየቋት። ተማሪዎቼ ይስቃሉ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጫማዬን አያለሁ።

ብሔራዊ ቡድናችን በተጫወተበት አንድ እሑድ ግን ሳይከራከሩ ከፈሉ። ደስ አለኝ፤ ለካ ቸኩዬ ነበር። ጨዋታው ሲጋጋል ኳሱ ተቋረጠና ንግግር ገባ።

ኦቦ ጉታ ብድግ አሉ። «ጌጤ፣ ንግግር ነፃ አይደለም እንዴ? እኛ ግን ከፍለን እያየነው ነው።»

ነገሩ ቀበሌ ከደረሰ ሻይ ቤቷ መታሸጉ ነው። ጌጤነሽ ፊቷ አመድ መስሎ፣ መሀረቧን ፈትታ የሁሉንም ሳንቲም መመለስ ጀመረች። ጥግ የተቀመጠው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ።

«እኚህ ሰውዬ የማን ናቸው?»

ኦቦ ጉታ ሆን ብለው ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ። እንደማፍርባቸው ያውቁ ኖሯል። ከክርክራቸው ሁሉ ይልቅ ያ አሳፈረኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የእኔ ናቸው» አልኩ ተነሥቼ። «አማቴ ናቸው።»

ኦቦ ጉታ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጌጤነሽ ዞሩ።

«እንግዲያው የአማቼንም ሃምሳ ሳንቲም መልሽለት።»

አብዮት ጥበቃው ሳቁን መያዝ አቅቶት ተቀመጠ። እኔም ሃምሳ ሳንቲሜን ተቀብዬ፣ ተማሪዎቼ እያዩኝ፣ ከአማቴ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ።