በእግሬ የተሠራ ሐይቅ

እግር መዘዝ ያመጣል ሲባል እሰማ ነበር። ካርታ ላይ ሐይቅ ይቆፍራል ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

ልጄ ስመኝ አዲስ ቅዳም ከተማ አጠገብ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ታዲያ መምህራኑ ጂኦግራፊን በስልክና በኮምፒውተር እንዲያስተምሩ እንጅባራ ላይ ሥልጠና ተሰጣቸው። የመጨረሻው የቤት ሥራ ቀላል ነው፤ ስልክ ይዞ የመንደርን የግጦሽ ሜዳ ዳር ዳሩን መዞር። የሄዱበትን ስልኩ ራሱ ይሥለዋል። ይህን ያላለፈ መምህር ሰርተፊኬት አያገኝም፤ ሰርተፊኬት ያላገኘ መምህር ያለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ፕሮጀክተር አይሰጠውም። የስመኝ ተማሪዎች እስከዚያ ድረስ ዓለምን የሚያዩት አይጥ ግማሽ አፍሪካን ከበላችው የወረቀት ካርታ ላይ ነበር።

በማስረከቢያው ዋዜማ ልጅት ከባጃጅ ስትወርድ እግሯን ወለም አላት። “እማ፣ አንቺ ዙሪልኝ” አለችኝ። መዞር ምን ይከብዳል? አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ስልኩን በመቀነቴ አስሬ ወጣሁ። ዕለቱ ማርያም ነበር። በቀኗ ደጇን ሳይሳለሙ ማለፍ አለ? ልጄ እንድታልፍልኝ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በሁለተኛው ላይ አንዲት ጎረቤት አገኘችኝና ሐሳቤ ተበተነ፤ ስለዚህ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ከዚያ ወደ ሜዳው ስሄድ ዝናብ መጣ። የቀረውን ስልኩ ይሙላው ብዬ ተመለስኩ። አዋቂ ነው ሲሉ አልነበር?

በማግስቱ ስመኝ እያነከሰች ወደ ሥልጠናው ሄደች። የእኔ አካሄድ ግድግዳ ላይ በሰፊው ወጣ፤ ክብ፣ በክብ ላይ ክብ፣ ከጎኑ አንዲት ቀጭን ጭራ። ከሩቅ አገር የመጣው ወጣት አሠልጣኝ ተደነቀ። ይሄ እንደ ዘንገና ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፣ ጭራው መፍሰሻው ነው ብሎ አስረዳ። የእኛው አገር መምህራን፣ በዚያው ሜዳ ከብት ሲጠብቁ ያደጉት ሳይቀሩ፣ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።

ስመኝ ዝም ብትል ታልፋለች። ግን ሐሰት አይሆንላትም።

“ሐይቅ አይደለም፤ እናቴ ናት” አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙ ግን አልሳቀም። ወድቀሻል አላት። ለመሆኑ ሰው ዳር ይዞ መሄድ እንዴት ያቅተዋል? እኔው መጥቼ በግማሽ ሰዓት አሳይሻለሁ ብሎ ፎከረ።

መጣም። ስመኝ ደጃፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ቀረች፤ እኔ ተከተልኩት። ሜዳችን ዙሪያውን ቤት ነው። የመጀመሪያዋ ጎረቤት በአዊኛ ግባ አለችው። ቋንቋውን አያውቅም፤ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ራሱን የነቀነቀ እንግዳ ደግሞ እሺ ያለ እንግዳ ነው። ትኩስ ድንች በዳጣ በላ። ሁለተኛዋ በአማርኛ ነው የያዘችው፤ “የሷን በልተህ የኔን ልትንቅ ነው?” ምን ይበል? ገባ። ሦስተኛዋም እህል አይናቅም አለች። አምስተኛው ቤት ጠላ ነበር።

“መምህር፣ ሜዳው በዚህ ነው” እለዋለሁ።

“አውቃለሁ እናቴ፣ ካርታው ያሳየኛል” ይለኛል፤ የሚሄደው ወደ ስድስተኛው ቤት ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይባል የለ? የእሱ መዞር ሁሉም ከቤት ሆነ።

ከሰባተኛው ቤት ሲወጣ በር ላይ ስልኩን ከፈተው። ሜዳ የሚመስል ነገር የለም። ሰባት ቅርንጫፍ ያለው ነገር ነው፣ በየጫፉም የተቀመጠበት ቦታ እንደ ፍሬ አብጧል። አቅርቦ አየው። ወደ ጎንም አዞረው።

“እናቴ፣ የእርስዎ ይሻላል” አለኝ ቀስ ብሎ።

ስመኝ አለፈች። ፕሮጀክተሩም መጣ።

ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቿ ያንኑ የቤት ሥራ ሰጠች። ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጻፈችላቸው አሉ፤ “ስልኩን ለእናቶቻችሁ እንዳትሰጡ።” አንድ ደንብ ብቻ። እንግዲህ ቅር ብሎኝ፣ “አሠልጣኙስ? እሱስ መች ሜዳውን ዞረ?” አልኳት።

“እማ ደግሞ፣ እንግዳ ይወቀሳል እንዴ?” አለችኝ።